ቡና ላይ የተዘረጋው ካይት

«በሚስማር? ጋሽ ባየ፣ በሚስማር ነው የመቱት?»

«ታዲያ በምን ልምታው፣ በምራቅ ላጣብቀው?» አለ ባየ። መዶሻው እንደ ልማዱ ቀበቶው ላይ ተሻጦ ነበር። የሚመሰክርበት መሆኑ ቆይቶ ሲገባው ሸሚዙን ጎተት አድርጎ ሸፈነው።

ዘይቱ የመጋዘኑን በር ተደግፋ ሁለቱንም ትሰማለች። ልጇ ዩስራ ቴፒ አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ዘንድ አድራ ገና መመለሷ ነው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወደ ጓሮ ብቅ ብላ አየች፤ ከዚያ ወዲህ ጭቅጭቁ አላባራም። የተቀዳላት ሻይ ቀዝቅዞ ዝንብ ገብቶበታል።

ያየችው ይህን ነው። በጓሮው ቁልቁለት ላይ ከተደረደሩት የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ሦስቱ ላይ፣ በአረጁት ሸራዎች መካከል፣ እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ የሆነ ሰፊ ጨርቅ ተዘርግቷል። ዳር ዳሩ በሚስማር ከአልጋዎቹ እግር ጋር ተመቷል። በአንዱ በኩል ሚስማሩ አልለቅም ሲል ዝናቡ ያመጣው ንፋስ ጎትቶት ክንድ የሚያህል ተተርትሯል። ከጨርቁ የሚወርዱት ቀጫጭን ገመዶች ደግሞ፣ በሬ ቢጎትተው በማይፈታው በባየ ቋጠሮ፣ ከአጥሩ ጋር ታስረዋል።

ጨርቁ የዩስራ ካይት ነው። ዩስራ እስፔን አገር፣ ከባሕር ዳር ባለች አንዲት ከተማ ትኖራለች፤ ሥራዋም ካይት ሰርፊንግ ማስተማር ነው። ሰው እግሩን ሳንቃ ላይ አስሮ ይቆምና፣ ንፋስ የሞላው እንዲህ ያለ ጨርቅ በገመድ እየጎተተው በውኃው ላይ ይሮጣል። ሙቀት በሆነበት ወራት እዚያው ታስተምራለች፤ ብርድ ሲገባ ንፋሱን ተከትላ ወደ ደሴቶቹ ትሻገራለች። አንድ ዓመት ግሪክ፣ አንድ ዓመት ሆላንድ ደርሳ ተመልሳለች። ለእናቷ ላሳያት ብላ ካይቱን ይህን ሁሉ አገር አሻግራ ሚዛን ከተማ ድረስ አመጣችው፤ ከመጣች ወዲህ ግን እስከ ትናንት ድረስ ቅጠል የሚያነቃንቅ ንፋስ እንኳ አልነፈሰም። ካይቱም ከነከረጢቱ በመጋዘኑ ውስጥ የቡና ጆንያ ላይ ተጋድሞ ከረመ።

ባየ የዘይቱን ቡና ሲጠብቅና ሲያገላብጥ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ያደረገውን ሲያስረዳ ጥፋተኛ አይመስልም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይታሰብ ከተፍ አለ። ሸራው ለሦስት አልጋ አጠረ። መጋዘን ሲገባ ይህን አገኘ፤ ሲዳስሰው ውኃ አያስገባም፣ ሲዘረጋው ሰፊ ነው፣ ሲያነሣው ላባ ነው።

«ደግሞ ገመዱ ከነልኩ ተሠርቶለታል» አለ ወደ ዘይቱ ዞሮ። «እኔ ልጅቷ ለእናቷ የቡና ሸራ ይዛ መጣች ብዬ፣ አላህ ይባርካት ብዬ አመሰገንኳት እኮ፣ አዴ።»

ዘይቱ ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። ቡናው ቀይ በቀይ ሆኖ የተለቀመ ምርጥ ቡና ነው። ያን ጊዜ ቢረጥብ ሻግቶ ነበር።

እዚያ ሰፈር ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ቡና ባለቤት የለውም። መንገደኛም ይሁን ጎረቤት፣ የተሰጣ ቡና አይቶ ዝናብ የቀደመው ሰው አጥር ዘልሎ ይገባና በእጁ ያገኘውን ያለብሰዋል፤ ብርድ ልብስም ሆነ መጋረጃ። አንድ ጊዜ የአጥቢያው የመዘምራን ካባ ተዘርግቶ መዘምራኑ በነጠላ እንደዘመሩ እስከ ዛሬ ይወራል። ማንም አያስፈቅድም፣ ማንም አያመሰግንም። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ በዝናብ የተወሰደ በፀሐይ ይመለሳል፣ ሲመለስም እንደነበረ ሆኖ ነው። የዘይቱ የሳሎን መጋረጃ አንድ ጊዜ እንዲህ ሄዶ ታጥቦና ተተኩሶ መጥቶላታል።

ስለዚህ ዘይቱ ነገሩን ማብረድ ፈለገች። «ቡናው ተርፏል፤ ከእንግዲህ መነታረኩ ለምን ይጠቅማል?» አለች።

«እማ፣ ይኼ እንጀራዬ ነው።»

«እንጀራሽ ቡናዬን አዳነልኝ። ምን ክፋት አለው?»

ዩስራ የተተረተረውን ጫፍ በጣቶቿ መካከል ይዛ እናቷን አየቻት። ስትናደድ እንደ ሟቹ አባቷ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «ምንም ክፋት የለውም» አለች። «በዝናብ ነው የተወሰደው። አሁን ፀሐይ ወጥቷል። እንደነበረ መልሱልኝ።»

ባየ ወደ ሰማይ አየ። ፀሐዩ በእርግጥ ወጥቶ ነበር። ዘይቱ በራሷ ሕግ ተያዘች።

*

በእናትና በልጅ መካከል ያለው ነገር ግን ካይቱ ከመቀደዱ በፊት የነበረ ነው።

ዩስራ ወደ እስፔን የሄደችው የሆቴል አስተዳደር ልትማር ነበር። ተማረች፣ ተመረቀች፣ በአንድ ሆቴል ቢሮ ገብታ ሠራች። በእነዚያ ዓመታት ሲደዋወሉ ዘይቱ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ዱዓ ታደርግላት ነበር፤ ዩስራም ከባሕር ማዶ «አሚን» ትላለች። ኋላ ልጅቱ ቢሮውን ትታ ባሕር ላይ መዋል እንደጀመረች ነገረቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘይቱ «በይ ደህና ሁኚ» ብላ ትዘጋለች። ዩስራ መጀመሪያ ረስታው ነው አለች። ኋላ ኔትወርክ ነው አለች። በመጨረሻ ገባት።

ለጉብኝት በመጣች በማግሥቱ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነበር ያወጣችው። ዱዓሽን ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ያለ እሱ እየሄድኩ ልቤ አይረጋም አለቻት። ዘይቱ ቡና እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ ለጨዋታ ዱዓ አይደረግም ብላ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩበትም። የመሄጃዋ ቀን ግን እየቀረበ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ዘይቱ ጨዋታ ነው ብላ አልነበረም የከለከለቻት። ጎረቤቷ ቲጂ፣ ዳቦና ሻይ የምትሸጠው፣ አንድ ቀን በስልኳ አንድ ቪዲዮ አሳይታት ነበር፤ ዩስራ ራሷ የለቀቀችው ነው። ቲጂ እያጨበጨበች ስታሳያት ዘይቱ ልጇን አየች፤ ከውኃው ተነጥላ ከዋርካ በላይ ወጥታ፣ በአራት ቀጭን ገመድ ተንጠልጥላ። መጨረሻውን አላየችም፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ቲጂን «ጎበዝ ናት» ብላት ወደ ቤቷ ገባች፤ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ሰው ልጁን ወደ ገደል አፋፍ ሲመርቅ ማን አየ? ዱዓ ባደርግ «ሂጂ» ማለቴ ነው፤ ሂጂ ብያት አንድ ነገር ብትሆን ከእኔ ራስ አይወርድም ስትል አሰበች። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን በደንብ አልተናገረችውም።

*

የሚዛን ገበያ ውስጥ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ተራ መጨረሻ፣ አልአዛር የሚባል ጃንጥላ ጠጋኝ አለ። ዓመቱን ሙሉ በሚዘንብበት አገር ጃንጥላ ጠጋኝ ሥራ አይፈታም። መዝሙር እያንጎራጎረ የስፌት መኪናውን ይረግጣል፤ ደንበኛ ሲመጣ መዝሙሩን አያቋርጥም፣ ስንኙ እስኪያልቅ ደንበኛው ይጠብቃል።

ዘይቱ ካይቱን ራሷ ተሸክማ ልትወስደው ተነሣች። ሕጉ ሕግ ነው፤ የተወሰደው ለእሷ ቡና ነውና የምትመልሰው እሷ ናት። ዩስራም ማሽኑ ጨርቁን እንዳይበላው ብላ ተከተለቻት። በመንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገሩም። አንዱ ባለ ባጃጅ «አዴ፣ ድንኳን ነው? የማን ሠርግ ነው?» ብሎ ሲጮህ ግን ሁለቱም ፊታቸውን ወደየጎናቸው አዙረው ሳቁ።

አልአዛር ስንኙን ጨርሶ ጨርቁን በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገው። ለብርሃን ገልጦ አየው። የጃንጥላ ወንድም ነው፣ ብቻ ወንድምየው ስፖርት ሠርቷል አለ። ቀጥሎ ስለ ስፌቱ ዩስራን ይጠይቃት ጀመር። ጉልበቱ በየት በኩል ነው? ምን ያህል ነው የሚጎትተው?

«ንፋሱ ጥሩ ሲሆን እኔን ከመሬት ያነሣኛል» አለች ዩስራ። «ጋሽ አልአዛር፣ ይኼ ጨርቅ እኔን ይሸከማል። ስፌቱ ከለቀቀ የምወድቀው ውኃ ላይ ነው።»

«ስንት ሜትር ላይ ሆነሽ?»

ዩስራ እናቷን በዓይኗ ጥግ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «እንደ ሁኔታው ነው።»

ዘይቱ ሰማች።  እስከዚያ ድረስ የባየ ሚስማር የጎዳው አንድ ጨርቅ ነበር። አሁን ያ ቀዳዳ በልጇና በባሕሩ መካከል ያለ ቀዳዳ ሆነ፤ ያውም ለእሷ ቡና ሲባል የተቀደደ።

አልአዛር ከአሮጌ ጃንጥላ የተቀደዱ ጥቁር እራፊዎች አወጣ። የሚስማሮቹን ቀዳዳዎች በእነሱ፣ ከላይም ከታችም እየደረበ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ እየሰፋ ደፈናቸው። ትልቁ ቅድ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። የቀረው ጥቁር ጨርቅ አርጅቷል አለ፤ በጥፍሩ ቢጭረው ተሰነጠቀ። ሚዛን ውስጥ አሁን የሚሸጠው ጃንጥላ ሁሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ ለዚህ የሚሆን የድሮ፣ ጥብቅ ጨርቅ ያስፈልጋል። ምናልባት ለሚቀጥለው ሳምንት ይገኛል።

ዩስራ የሳምንት ጊዜ አልነበራትም። ካይቱን መጠቅለል ጀመረች።

ዘይቱ ከጎኗ ያስደገፈችውን ጃንጥላ አየችው። ባሏ ከጅማ ያመጣላት ነው። ሰማያዊ መደብ ላይ ቀያይ አበባ ያለበት፣ ሰፊ፣ ዘንጉ የማይታጠፍ። ገበያ ውስጥ ሰዎች ፊቷን ሳያዩ በጃንጥላዋ ይለዩዋታል። አነሣችውና ለአልአዛር ሰጠችው።

«በዚህ ሥራው» አለች።

«እማ፣ ይኼን? ተይ እንጂ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? እኔ ነኝ መላሿ።»

አልአዛር መቀሱን አንሥቶ አንዴ ዘይቱን፣ አንዴ ጃንጥላውን፣ አንዴ ዩስራን አየ፤ ቆርጦ ጨርቁን ከሽቦው ሲለየው መዝሙሩን አቁሞ ነበር። ዘይቱ ፊቷን ወደ ጨው ሻጮቹ አዞረች።

ሲጨርስ ዩስራ ስፌቱን በሁለት እጇ ይዛ ወጠረችው። አልአዛርም አንዱን ጫፍ ይዞ ጎተተ። ያዘ። ዩስራ አመስግና ልትጠቀልለው ስትል ዘይቱ አስቆመቻት።

«የተመለሰ ዕቃ ተፈትኖ ነው የሚወሰደው» አለች። «ሲነሣ ሳላይ ይኼ ጨርቅ ከሚዛን አይወጣም።»

«ንፋስ የት አለና እማ? ይኸው ስንት ቀን ጠበቅኩ።»

«ዝናብ ሊመጣ ሲል አይነፍስም? እታች አማን ከተማ፣ የኳስ ሜዳው ላይ፣ ሣሩን ያስተኛዋል። የቡና ልጅ ሆነሽ ይኼን ረሳሽው?»

ዩስራ አልረሳችውም። ልጅ ሳለች አልጋዎቹ አጠገብ ቁጭ ብላ የሙዙ ቅጠል ሲያጨበጭብ «መጣ!» ብላ የምትጮኸው እሷ ነበረች። ግን ያን ሰዓት ቡና ተጥሎ አይወጣም፤ እናቷ በዚያ ሰዓት ከጓሮው ስትለይ በዕድሜዋ አላየችም። ይህንኑ ጠየቀቻት።

«ባየ አለ» አለች ዘይቱ። «ሚስማርም አለው።»

ሲወጡ ማካፋት ጀመረ። ዘይቱ ከአልአዛር አንድ ላስቲክ ተቀብላ ራሷ ላይ ጣል አደረገች። በገበያው መካከል ስታልፍ ሰው አላወቃትም።

*

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከሸዋ ቤንች በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ዘይቱ አፍንጫዋን ወደዚያ አቅንታ አሸተተችና አሁን ነው አለች። ባየን አልጋዎቹ አጠገብ አቁማ፣ ካይቱን ባጃጅ ላይ ጭነው አማን ወረዱ። አልአዛር የስፌቱን ነገር ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም ብሎ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፤ ቲጂም ዳቦዋን ለማን ትታ እንደመጣች አልተናገረችም።

ዩስራ የካይቱን ጠርዝ የያዘውን ቱቦ በእጅ መንፊያ ነፋችው፤ ጨርቁም እንደ ጨረቃ ጎብጦ ቆመ። ገመዶቹን በሜዳው ላይ ዘረጋች። ወገቧ ላይ ሰፊ መታጠቂያ ታጠቀች። አልአዛር ካይቱን ቀጥ አድርጎ እንዲይዝላት፣ እጇን ስታነሣ እንዲለቀው አስተማረችው። ነጎድጓድ ከሰማሁ ግን ወዲያው ነው የማወርደው፣ በመብረቅ አልጫወትም አለች። ዘይቱ ይህን ስትሰማ ትንሽ ደስ አላት፤ ልጅቱ የሚያስፈራት ነገር አለ ማለት ነው።

የሙዙ ቅጠል ከሜዳው ዳር ማጨብጨብ ጀመረ። ሣሩ ተኛ። ዩስራ እጇን አነሣች።

ካይቱ ከአልአዛር እጅ ወጥቶ ወደ ጎን አንድ ጊዜ ተንሸራተተና ሽቅብ ተመዘዘ። በጥቁሩ ደመና ላይ ቢጫው በራ፤ የባየ ሚስማሮች ቦታ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ታየ፣ በመካከላቸው ደግሞ የዘይቱ ጃንጥላ አበባ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ኳሳቸውን ጥለው መጡ። ቲጂ «አዴ፣ ጃንጥላሽ ያለ ሰው ሄደ» አለች።

ዘይቱ ግን ሰማዩን አልነበረም የምታየው። የልጇን ተረከዝ ነው። ዩስራ ወደ ኋላ ተደግፋ፣ ተረከዟ ሣሩን እያረሰ፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላም እርምጃ ትጎተታለች። ፊቷ ላይ አንዳች ጭንቀት የለም፤ ልጅ ሳለች የወንዝ ውኃ ውስጥ እግሯን ስትነክር የሚታይባት ዓይነት ፊት ነው። ከዚያ ንፋሱ በረታ፤ ተረከዙ ከመሬት ተነሣ፤ ትንሽ፣ አንድ ስንዝር።

ዘይቱ ሮጠች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በዕድሜዋ ሮጣ በማታውቀው ሩጫ ደረሰችና ከዩስራ መታጠቂያ በስተኋላ ያለውን ማንጠልጠያ አንቃ ያዘች።

«በጣም ጥሩ» አለች ዩስራ ሳትዞር። «እኔም ተማሪዎቼን የምይዘው እዚያ ጋ ነው። ቁጭ በይ እማ፣ ክብደትሽን ወደ ኋላ!»

ዘይቱ ቁጭ አለች። ሁለቱም ተቀምጠው ተጎተቱ። ጭቃው ተከፈለላቸው። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ እየሳቀ አብሯቸው ሮጠ። ዘይቱ በእጆቿ ውስጥ የዚያን ነገር ጉልበት ተሰማት፤ እንደ ጭነት በቅሎ ነው፣ ግን ክፋት የለውም፣ ይጎትታል እንጂ አይራገጥም። ከራሷ ሆድ የወጣውን ድምፅ ስትሰማ ሳቅ መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው።

ሩቅ ነጎድጓድ ጉርምርም አለ።

«እዪ እማ» አለች ዩስራ። «እዪ አሁን።» ከፊቷ ያለውን ቀይ መያዣ ገፋ አደረገችው። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጉተታው በአንድ አፍታ ጠፋ፤ ካይቱም ከሰማይ ላይ ነፍሱ እንደወጣ ሁሉ ተልፈስፍሶ ወርዶ ሣሩ ላይ ተኛ።

ሁለቱም ጭቃው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ዘይቱ ማንጠልጠያውን አለቀቀችም።

«እንዲህ ነው?» አለች። «ስትለቂው ይለቅሻል?»

«ወዲያው።»

«ሰማይ ላይ ሆነሽም?»

«ሰማይ ላይ ሆኜም። ለተማሪ መጀመሪያ የማስተምረው መልቀቁን ነው፤ መያዙ በኋላ ነው የሚመጣው።»

ዘይቱ ቀዩን መያዣ በጣቷ ነካችው። እንዴት እንደሚመለስ ጠየቀች፤ ዩስራ መልሳ ገጠመችው። አንድ ጊዜ ራሷ ገፋችው። ቀጭ አለ። ደግማ አስገጠመቻትና ደግማ ገፋችው። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ እጃቸው ላይ ወደቀ። ዘይቱ ያኔ ነው ቡናዋን ያስታወሰችው።

ቤት ሲደርሱ ባየን ሁሉንም አልጋ ሸፍኖ፣ ጋቢውን ሳይቀር ደርቦ፣ ራሱ ዝናብ ላይ ቆሞ አገኙት። ሁለቱን ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው ጭቃ ሆነው ሲያያቸው ምን እንደነካቸው አልጠየቀም። ዕቃው ተመለሰ ወይ አለ ብቻ። ዩስራ ተመልሷል አለችው፤ ከነበረው ይበልጣል ብላም ጋቢው እስኪደርቅ የራሷን ጃኬት አለበሰችው።

ዘይቱ ስለ ዱዓው ምንም አላነሣችም። ዩስራም አልጠየቀችም። ማታ ራት ላይ ስለ እስፔን ብዙ አወራቻት፤ ከምታስተምርበት ዳርቻ ቆሞ ለሚያይ ሰማዩ ጥርት ሲል ከማዶ የአፍሪካ ተራሮች እንደሚታዩ፣ ተማሪዎቿ መሬት ሲናፍቃቸው ወደ ኋላ ሲያዩ እሷ ግን ወደዚያ እንደምታይ። ዘይቱ ከዚያ ተራራ ሚዛን ምን ያህል ይርቃል አለች። ዩስራ በጣም አለች። ይሁን፣ ከባሕሩ በእኛ በኩል ነው አለች ዘይቱ።

*

የመሄጃዋ ቀን ጠዋት የጅማው ሚኒባስ በራቸው ላይ እንዲያነሣት ተነግሮት ነበር። ቲጂ ለመንገድ ዳቦ ጋግራ መጣች። ባየ የካይቱን ከረጢት በራፉ ላይ አውጥቶ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለው፤ ሚስማር እንደሌለበት አንድ ጊዜ ከፍቶ አየ። ሊሸኝ የመጣው ሰው በረንዳው ላይ ሻይ እየጠጣ ነው። ዘይቱ ሁሉም ተሰብስቦ ሲቆም፣ በወግ በወጉ፣ መዳፏን ዘርግታ ዱዓ ልታደርግ ቆርጣለች። ነጭ ሻሿን የለበሰችው ለዚሁ ነው። የምትለውን ሁሉ ሌሊቱን በልቧ ስታዘጋጅ አድራለች።

ሚኒባሱ ከታች በኩል ጡሩምባውን ሲያሰማ፣ የጓሮው ሙዝ ቅጠል አጨበጨበ።

«መጣ!» አለች ዩስራ፣ ሳታስበው።

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ብርጭቆውን እያስቀመጠ ወደ ጓሮ ሮጠ። ገና ጤዛው ደርቆ ቡናው የተገለጠበት ሰዓት ነበር። ባየ ሸራ ጎተተ፤ ቲጂ የዳቦውን መሸፈኛ ሳይቀር አመጣች፤ ሚኒባሱ ውስጥ ከነበሩት ሁለት ተሳፋሪዎች ወርደው ገቡ። ዝናቡ ቀደማቸው። አንዱ ሰፊ ላስቲክ ንፋስ ገብቶበት ሲያመልጥ ዘይቱ ከሥሩ ገብታ በሁለት እጇ ወደ ላይ ደገፈችው። ከወዲያ ጫፍ ሌላ ሰው ገብቶ ደገፈ። ዩስራ ነበረች።

ከላስቲኩ ሥር ብርሃኑ ነጣ ያለ ነው። ዝናቡ እላያቸው ላይ ይንጫጫል፤ ከውጭ የባየ ድምፅ «በዚያ በኩል! ድንጋይ ጫኑበት!» ይላል። በመካከላቸው ቡናው ቀልቶ ተኝቷል። የሁለቱም እጆች ወደ ላይ ናቸው፤ የሁለቱም መዳፍ ተዘርግቷል።

ዘይቱ ሌሊቱን ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። ያገኘችውን አለች።

«ያ ረቢ፣ ከውኃው ጠብቃት። ንፋሱን በልኩ ስጣት። የያዝሽው ይያዝልሽ፣ ልጄ። የለቀቅሽው ይልቀቅሽ።»

«አሚን» አለች ዩስራ። ድምፅዋ አባቷ ሲናደድ እንደሚሆነው ዝቅ ብሎ ነበር፣ ግን ንዴት አልነበረም።

የሚኒባሱ ጡሩምባ ደግሞ ጮኸ። ሁለቱ ተሳፋሪዎች እየሮጡ ሲመለሱ እግራቸው ጭቃውን ሲያንቦጫርቀው ይሰማል። ዘይቱ በአገጯ ወደ በሩ አመለከተቻት፤ እጇ አልተፈታም። ዩስራ ጫፉን ለቃ ወጣች፤ ላስቲኩ ከወዲያ በኩል ትንሽ ረገበ፤ ወዲያው ሌላ እጅ ደገፈው።

«ይኼን ጫፍ ማንም ሳይይዘው ነው እንዴ?» አለች ቲጂ ከሥር ብቅ ብላ። «አዴ፣ ትንሽ ወደ አንቺ ሳቢው።»

ዘይቱ ሳበችው።